ናፍጣ የምትጠጣው ዶቅዶቄ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ሮቤ ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር ስለቅም ልጄ መቅደስ በባሌ ቆላ ካለችው ብድሬ ደወለች። መቅደስ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ናት። ከመንደር መንደር እየዞረች ከብት ትከትባለች፣ የታመመ ግመል ታያለች። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ያለ ሞተር ሳይክል የትም አይደረስም።

«እማ፣ ቤንዚን ካየን ሰነበትን» አለችኝ። «ሞተሬ ቢሮው በር ላይ ተገትራ ዶሮ ማደር ጀምሮባታል።»

«ደግ ሆነ። በእግርሽ የሚደረስበትን ብቻ እዪ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ከብት እየሞተብኝ ነው።» «እዚህ ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አያጣም። ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ሥሪልኝ።»

የያዝኩትን ሰፌድ አስቀመጥኩት።

«ጋሽ ከድር ላይ የደረሰውን እያወቅሽ?»

«እሱን ስለማውቅ ነው አንቺን የጠየቅሁት። ሌላ ሰው ቢሠራው አልቀመጥበትም።»

እኔ ስጉ ሰው ነኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ አስፋልቱን እስክትሻገር በር ላይ ቆሜ የማይ እናት ነበርኩ። ጋራዥ ውስጥም ያጠበቅሁትን ብሎን ተመልሼ ስለምነካ «ፈሪዋ መካኒክ አልማዝ» ይሉኝ ነበር። ሥራ አበቃ ብዬ መፍቻዎቼን በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከትቼ ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምስሩን መልቀም አልቻልኩም። ሐሳቤ ሁሉ በሥራ ዘመኔ እጄ ላይ የገቡት፣ ከተለመደው ውጭ የተሠሩት ሞተሮች ላይ ሄደ። የትኛው ለአገራችን መንገድ ሆነ፣ የትኛውስ ሰው ጎዳ? ይህንም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ነው ሥራ የገባሁት። ያኔ የባሌ ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። አባቴ ሲሞት እናቴ ብቻዋን ስላልቻለች፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሞተር ሳይክል የሚጠገንበት ጋራዥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የተፈታውን ብረት በላምባ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ ማቀበል ነበር ሥራዬ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የጎባ ብርድና ላምባ የተባበሩበት እጄ ግን እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያመኛል።

የጋራዡ ዋና መካኒክ ጋሽ ከድር ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ ሰው ነበሩ። እኔን «ኢንተለ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ሞተር ተበላሽቶ ሲመጣ ሌላው መካኒክ መፍቻ ይዞ ይሮጣል። ጋሽ ከድር በርጩማ ይዘው ይመጡና ለነጂው ያቀርቡለታል።

«ተቀመጥ። መጀመሪያ ምን ሰማህ?»

«ኧረ ጋሽ ከድር፣ ቆመ እያልኩዎት! ሰው ይጠብቀኛል።»

«ከመቆሙ በፊትስ? አንኳኳ? አፏጨ? ወይስ ሳል ሳል አለው?»

ነጂው ሞተሩ ያሰማውን ድምፅ በአፉ ካላሰማቸው አይነኩለትም። ከረባት ያሰሩ ኃላፊዎች ሳይቀሩ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ትክ፣ ትክ፣ ትክ፣ ፑፍ!» ሲሉ፣ እኔ ሳቄን ለመደበቅ የላምባው ጎድጓዳ ሳህን ላይ እደፋ ነበር። ግን ብዙ ጊዜ ብልሽቱ የሚታወቀው እዚያው በርጩማው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ከድር የረጅም ካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። የሚፈታው ዕቃ በተፈታበት ተራ ንጹሕ ጆንያ ላይ ይደረደራል። ሳይታጠብ ስለ የትኛውም ዕቃ አንድ ቃል አይናገሩም።

መካኒክ የሆንኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃውን መጀመሪያ ንጹሕ ሆኖ የማየው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ፒስተን ሳቀብላቸው «በዚህ በኩል ብቻ ተቧጥጧል» አልኳቸው።

«በየት በኩል?»

«ጭሱ በሚወጣበት።»

«ለምን ይመስልሻል?»

«እዚያ በኩል ይበልጥ ስለሚግል?»

ካቻቢቴያቸውን አነሱና ሰጡኝ። «ነይ፣ አንቺም ስሚ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አጥባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከሳቸው ጋር እፈታለሁ።

ባሌ ለሞተር ከባድ አገር ነው። ጎባ ራሷ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ የሳነቴን አምባ ይሻገራል። ሳነቴ ላይ አየሩ ይሳሳል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑም ካልተቀነሰለት ሞተሩ ይታፈናል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ጥቀርሻ ይለብሳል። ተራራው ላይ አስተካክለህ ብትልከው ደግሞ በሐረና ጫካ በኩል ወርዶ ቆላ ሲገባ አየሩ ይወፍራል፤ ነዳጅ አንሶት ይግላል። በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት አየር ነው። ስለዚህ አንድ እንግዳ ሞተር ሲመጣ ጋሽ ከድር ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር። «የት ነው የሚሄደው? ሲሰበርስ ማን ይሠራዋል?»

የመጀመሪያው እንግዳ ሞተር ከወታደር የተረፈ፣ ጎኑ ላይ መቀመጫ የተለጠፈበት ዶቅዶቄ ነበር። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ እንደ ክንድ ተዘርግተዋል። አንዱ ፒስተን ወደ ግራ ሲሄድ ሌላው ወደ ቀኝ ስለሚሄድ አይንቀጠቀጥም፤ ነፋስም በደንብ ስለሚያገኘው አይግልም። አለቃችን አቶ ታደለ ከሌላ ክፍለ አገር ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፤ በጣም ወደዱት።

«ሞተር ማለት ይህ ነው! የናንተ ሌላው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ። ለመስክ ሥራ ከሳነቴ ማዶ ወዳለችው ሪራ ይዘውት ወረዱ። በማግስቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ተመለሰ። የግራው ሲሊንደር ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር ተላትሞ ማቀዝቀዣ ክንፎቹ ረግፈዋል። አቶ ታደለ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ሳይጠየቁ «ቷ!» አሉ። ጋሽ ከድር እንኳን ሳቁ። ሞተሩ ግን መጥፎ አልነበረም። በሜዳ፣ በሮቤና በጎባ መካከል፣ ዓመታት አገልግሏል። ለሪራ ጠባብ መንገድ ነበር ያልሆነው።

ሁለተኛውን ያመጣው በየአገሩ የሚዞር አንድ ፈረንጅ ነው። ጋሽ ከድር በርጩማውን ሰጡትና በእጃቸው ወደ አፋቸው አሳዩት። ሰውየው ገብቶት «ዝዝዝዝዝ» አለ። ትክ ትክ የለም፣ ፑፍ የለም። ተያየን። ስንፈታው ፒስተን የሚባል ነገር የለውም። ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት እንደ ሞላላ ድስት ባለ ቤት ውስጥ ይዞራል። በየማዕዘኑ አየሩ እንዳያመልጥ የሚዘጋ ቀጭን ብረት አለ፤ ከነዚህ አንዱ ተሰብሮ ቤቱን ቧጥጦታል። ጋሽ ከድር ቀኑን ሙሉ አገላብጠው አዩት። ወደላይ ወደታች የሚል ነገር ስለሌለ እንዴት ልስልስ ብሎ እንደሚሄድ፣ ትንሽ ሆኖ እንዴት ብዙ ጉልበት እንዳለው በጣታቸው እያዞሩ አሳዩኝ። ሲጨርሱ «ይህን የሠራ ሰው አእምሮው ቆንጆ ነው» አሉ። ያን ቀጭን ብረት ግን በሞረድ አስመስለን ልንሠራው ሞከርን፤ አልሆነም። ፈረንጁም ሞተሩን በመኪና አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ቢሮዎቹ ወደ ሮቤ ሲዛወሩ ጋራዡም አብሮ ተዛወረ፣ እኔም አገባሁና መቅደስን ወለድኩ። ባለቤቴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተብኝ፤ ልጅም ጋራዥም ይዤ ቀረሁ። በዚያን ወቅት ቤንዚን በጣም ጠፋ። ከሮቤ ዙሪያ ያሉት የስንዴ እርሻዎች ግን ትራክተር ስላላቸው ናፍጣ ነበራቸው። ጋሽ ከድር አንድ ጠዋት የመስኖ ውኃ የሚስብ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመው አየኋቸው።

«ኢንተለ ኮ፣ ይህ ዶቅዶቄ ላይ ቢቀመጥ ምን ይለናል?»

«ክብደቱ የት ይገባል?»

«እሱን ነው እኮ የማስበው።»

በሕይወቴ ያን ያህል የተደሰትኩበት ሥራ የለም። የናፍጣ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ የቤንዚኑ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው። ስለዚህ ካረጀ የቤንዚን ሞተር ላይ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን አውጥተን፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ብቻ አስቀረን፤ ትልቅ ጥርስ ናፍጣው ላይ፣ ትንሽ ጥርስ ካምቢዮው ላይ አድርገን በካቴና አገናኘናቸው። በሮቤ ጎዳና የጋሪ ፈረሶች እየደነበሩ፣ ሰው እየሳቀ፣ ሄደ። ጋሽ ከድር እንደ ልጅ ፈነጠዙ። አቶ ታደለም «በሳነቴ ይሻገር፤ ከተሻገረ ለሁሉም ሠራተኛ እናሠራለን» አሉ።

እኔና አቶ ታደለ በፒካፕ ከኋላ ተከተልን። ሳነቴን ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ሳይፈጥን፣ ወጣው። ሪራ ከመድረሳችን በፊት ቁልቁለቱ ላይ፣ ጭቃ ካለበት መታጠፊያ ሲደርሱ ጋሽ ከድር ቀስ ብለው በግራ ጎናቸው ወደቁ። እንዲህ ያለ አወዳደቅ ስንት ጊዜ አይተናል፤ ሰው ተነስቶ ሱሪውን አራግፎ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ድምፁ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ።

«ነዳጁን ዝጋው!» አሉ አቶ ታደለ ከመኪናው ዘለው።

«ዘግቼዋለሁ!» ጋሽ ከድር ከሥሩ ይጮሃሉ። «ዘግቼዋለሁ እኮ! እጄን አውጡልኝ!»

ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ ይብስ ጮኸ። ጭሱ ነጭ ሆኖ መታጠፊያውን ሸፈነው። የኋላው ጎማ እየዞረ እግራቸውን ይዞታል። ደርሼ ትከሻቸውን ስስብ ሞተሩ ተሰነጠቀ፤ በውስጡ ያለው ብረት ሆዱን በስቶ ወጣና ጸጥ አለ። እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ጭስ ማውጫው አቃጥሏቸዋል።

ከሐኪም ቤት የወጡ ዕለት ቤታቸው አልሄዱም። በምርኩዝ ጋራዥ መጡ። በርጩማውን ጎተቱና እሳቸው ራሳቸው ተቀመጡበት። ማንም አልጠየቃቸውም።

«እንዲህ አለ» አሉን። ከዚያም አንገታቸውን ቀና አድርገው ያን ጩኸት ከሥር ጀምረው እስከ ላይ አሰሙን። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ድምፁን ግን አላቋረጡም። «አሁን ንገሩኝ። ነዳጅ ሳይኖረው ምን እየበላ ነው የጮኸው?»

የተሰበረውን ሞተር ጆንያ ላይ ዘርግተን አየነው። የውኃ ሞተር አቧራ የሚያጠራው በዘይት ነው፤ ከማጣሪያው ሥር ዘይት ያለበት ሳህን አለ። እርሻ ዳር ተተክሎ ቀጥ ብሎ ለሚኖር ሞተር ይህ ጥሩ ነው። ዶቅዶቄ ግን ይወድቃል። ሲወድቅ ዘይቱ ወደ አየር መግቢያው ፈሰሰ፤ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ በላው። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም፣ የሚጠፋበት ቁልፍ የለም። ዘይት መብላት ከጀመረ አየር ካልተከለከለ አይቆምም። ይህን ከመካከላችን ማንም አስቀድሞ አላሰበውም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ከድር እንግዳ ሞተር ሲያዩ ጥያቄያቸው ሦስት ሆነ። «የት ይሄዳል? ማን ይሠራዋል? ሲወድቅስ?»

የናፍጣ ሥራ ተከለከለ። ጋሽ ከድር ጡረታ ወጥተው ጎባ ተቀመጡ፤ እኔ በሳቸው ቦታ ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የተለመደውን ሞተር ስጠግን ኖርኩ።

እንግዲህ መቅደስ የጠየቀችኝ ይህን ነው። በባትሪ የሚሄደው አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ሮቤ ላይ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው፤ እሷ የምትዞርባቸው መንደሮች ግን መብራት የላቸውም። ሌላ መንገድ ስላጣሁ በማግስቱ ጎባ ሄድኩ። ጋሽ ከድር በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አካም ጅርቱ ጋሽ ከድር?»

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። ምነው ፊትሽ? ማን ታመመ?»

ነገርኳቸው።

«ነጂዋ ማን ናት?»

«መቅደስ ናታ።»

«ያቺ ትንሿ?» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ወጋ ወጋ አደረጉ። «እንቢ በያት።»

«እንቢ ብላት በእግሯ ትሄዳለች። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ምድረ በዳ፣ ብቻዋን። ልጄን አውቃታለሁ።»

«ሲወድቅስ?»

«የዘይቱን ማጣሪያ አውጥቼ የወረቀት አደርጋለሁ። አየር መግቢያው ላይ ደግሞ መዝጊያ እሠራለሁ። ከጮኸ ይዘጋል፣ ይሞታል።»

«ማን ይዘጋዋል?»

«እሷ ናታ፣ በእጇ።»

«በየትኛው እጇ?» አሉኝ። ቆጣ ብለው ነበር። «እኔ ያን ቀን እጅ ነበረኝ? እጄ ከሥሩ ነበር እኮ!»

የዚህን ጥያቄ መልስ ሳልይዝ ሥራውን አልጀምርም ብዬ ተነሳሁ።

መልሱን ያገኘሁት ሮቤ ገበያ ዳር ነው። አንድ ጋሪ ነጂ የልጓሙን ገመድ የእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞ ከሰው ጋር እያወራ ከጋሪው ዘለለ። ሲዘል ገመዱ ተሳበና ፈረሱ ቀጥ አለ። ሰውየው ወደ ፈረሱ ዞር ብሎም አላየ። ቆሜ ቀረሁ። እጅ ባይታዘዝም የሚወድቅ ሰው ከሞተሩ ይርቃል። መዝጊያው በስፕሪንግ ራሱ የሚዘጋ ይሁን፣ ክፍት አድርጎ የሚይዘው አንድ ፒን ይሁን፣ ፒኑ በገመድ ከልጄ አንጓ ጋር ይታሰር። እሷ ከወደቀች ፒኑ ይነቀላል።

ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ገዛሁና ጓሮዬን ጋራዥ አደረግሁት። የሞተሩን መቀመጫ ከመኪና ጎማ በቆረጥኩት ወፍራም ላስቲክ ላይ አሳረፍኩት፤ አለበለዚያ መንቀጥቀጡ የልጄን ጥርስ ያረግፋል። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት እንፋሎት ቧንቧ ወደ አየር መግቢያው ይመለስ ነበር፤ ቆርጬ ወደ ውጭ አወጣሁት። ለካቴናው ግድግዳ የመሰለ መከለያ ሠራሁለት። እያንዳንዱን ብሎን ሁለቴ አጠበቅሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ተመልሼ ነካሁ።

መዝጊያው እንደሚሠራ ግን በማመን ብቻ ልጄን አልሰጥም። ሞተሩን ሆን ብዬ ማስጮህ ነበረብኝ። ዶቅዶቄውን መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር አሰርኩት፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት አነሳሁት። ለማንኛውም ብዬ ደግሞ ከወጥ ቤት ትልቁን መክተፊያ አምጥቼ ላስቲክ ቸነከርኩበት። ጋሽ ከድር ይህስ አያመልጠኝም ብለው ከጎባ በባጃጅ መጡ። ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

«መክተፊያው ለምንድን ነው? ቀይ ሽንኩርት አለ?» አሉኝ።

«ዝም ብለው ይቀመጡ።»

አስነስቼ በአየር መግቢያው ዘይት አንጠባጠብኩ። ጮኸ። ያን ድምፅ ከሪራ ቁልቁለት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ገመዱን ሳብኩ። ፒኑ ወጣ፣ መዝጊያው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፣ ድምፁ ዝቅ አለ። ከዚያ መዝጊያውን የሠራሁበት ላሜራ የሞተሩን ስበት አልቻለምና እንደ ወረቀት ታጥፎ ወደ ውስጥ ገባ። ጩኸቱ ተመልሶ መጣ።

«አልማዝ! ነይ ውጪ!» ጋሽ ከድር ምርኩዛቸውን ጥለው ተነስተዋል።

መክተፊያውን አንስቼ በሁለት እጄ አየር መግቢያው ላይ ገጠምኩት። ሰውነቴን ጭምር ጫንኩበት። ሞተሩ ታነቀ፣ ተንፈራገጠ፣ ሞተ። ጓሮው ጭስ ብቻ ሆነ። ወደ ጋሽ ከድር ዞርኩ።

«መክተፊያውን ብሬድ ላኪላት» አሉኝ ፊታቸው ዐመድ መስሎ። «ብድሬ ማለቴ ነው። ምላሴም ደነገጠ።»

ሳቅን፤ ከዚያ እኔ አለቀስኩ፤ ከዚያ የታጠፈውን ላሜራ አውጥተን ጆንያ ላይ አስቀመጥነው። አዲሱን መዝጊያ ከተጣለ የትራክተር ማረሻ ዲስክ ቆረጥኩ። እሱ ብረት አይታጠፍም። ስፕሪንጉንም በወፍራም ቀየርኩ። እንደገና ዘይት ሰጠሁት፣ ጮኸ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ሞተ። ደገምኩት። ጎረቤቶቼ እስኪማረሩ ደጋገምኩት። ጋሽ ከድር በስተመጨረሻ ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሞተሩ ላይ አስደገፉና ጆሯቸውን ሰጡት።

«ሰው አይጎዳም» አሉ። «ለቆላ መንገድ ይሆናል።»

መቅደስ ልትወስደው መጣች። አይታው ሣቀች። «እማ፣ ይህ ሞተር ነው ወይስ ወፍጮ?»

«ሁለቱም ነው። እጅሽን አምጪ።»

ገመዱን አንጓዋ ላይ አሰርኩት። ጓሮው ውስጥ ገለባ ዘርግቼ አስነድቼ አስወደቅኋት፤ በግራ፣ በቀኝ፣ ወደፊት። ሁልጊዜም ጸጥ አለ። በሦስተኛው ቀን ገለባ ከፀጉሯ እየለቀመች «አሁን በቃ፣ እመኚኝ፤ ከብቱ ሁሉ ሳይሞት ልሂድ» አለችኝ። አብረን ሳነቴን ሞከርነው። ናፍጣውን ብቀንስለትም ዳገቱ ላይ ጭሱ ጠቆረ፣ ጉልበቱ አለቀ፣ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። እሷ ልትገፋው ወረደች።

«ተይው» አልኳት። «እዚህ ላይ አትነጂውም። ሳነቴን በጭነት መኪና ተጭኖ ይሻገር፤ ሥራው ከደሎ መና በታች ነው።»

«ሞተር በመኪና ተጭኖ ብድሬ ሲገባ? ሰው ይስቅብኛል እኮ።»

«ይሳቅ።»

ተጭኖ ሄደ። እኔ በየቀኑ እደውላለሁ፤ ኔትወርክ አንዳንድ ጊዜ አለ፣ አንዳንድ ጊዜ የለም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ እሷ ደወለች።

«እማ፣ ወደቅሁ።»

ተቀመጥኩ።

«ምንም አልሆንኩም፣ ስሚኝ! ደረቅ ወንዝ ስሻገር አሸዋው ዋጠኝ። ሞተሩ በላዬ ሊመጣ ሲል ገመዱ ተሳበ፣ ጸጥ አለ። ቀኝ ክንዴ ተላልጧል፣ ያ ብቻ ነው።»

«ሊጮህ ነበር?»

«አላውቅም። ለመጮህ ጊዜ አላገኘም።»

ከዚያ ስለ ሞተሩ ነገረችኝ። ፍጥነት የለውም፣ ክብደቱ ወገብ ይሰብራል፣ ጠዋት ለማስነሳት ክንድ ይጠይቃል። ናፍጣ ግን የትም ያገኛል፣ የወፍጮ ቤቱ መካኒክም ሲበላሽ ይገባዋል። አንድ ያላሰብነው ነገር ደግሞ አለ፤ ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ፣ እሷ ሳትደርስ አርብቶ አደሮቹ ከብቶቻቸውን ሰብስበው ይጠብቋታል። ቀድሞ ከብት ፍለጋ የምታጠፋውን ግማሽ ቀን አሁን ትከትብበታለች።

«አንድ የሥራ ባልደረባዬም አየውና ጓጓ» አለች። «ለእሱም ሥሪለት፤ ሲያልቅ ሰው ልኮ ያስወስዳል።»

«ሰው አይላክ» አልኳት። «ራሱ ይምጣ። መጀመሪያ እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ይውደቅ።»